ቢላዋ የማይጠብቅ ጥይት

በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ጠብመንጃ ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ ስለ ጥይት የማያስተምር ግን አንድም አልነበረም። ይህን የምለው በሐሜት አይደለም። ከዚራ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ የጥይትና የአደን ዕቃ የምሸጥባት ሱቅ ነበረችኝ። ልብስ ሰፊው፣ ትኬት ቆራጩ፣ ከጅቡቲ ሳሙና የሚያመላልሰው ሾፌር፣ ሁሉም ባንኮኒዬ ላይ በክርኑ ተደግፎ አጋዘን በምን እንደሚመታ ያስረዳኝ ነበር። ከነሱ ውስጥ አጋዘን በዓይኑ ያየው ምናልባት ግማሹ ነው፤ እሱንም በባቡር መስኮት። እኔ አብሺር ሻሂዬን እየጠጣሁ "ወላሂ እውነትህን ነው" እላለሁ። የሚገዛው ሌላ ነው፤ ገዢ ብዙ አያወራም።

ጥይት እንደ ሐብሐብ በጣት መትተህ፣ ድምፁን ሰምተህ የምትገዛው ነገር አይደለም። የድሬዳዋ ሙቀት ባሩዱን አበላሽቶት እንደሆነ፣ በመርከብ ሲመጣ እርጥበት ገብቶት እንደሆነ፣ የምታውቀው ቃታውን ከሳብክ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ፊት ለፊትህ የቆመው ከርከሮ ከሆነ ደግሞ ማወቅህ ብዙ አይጠቅምህም። ስለዚህ ሰው ከእኔ የሚገዛው ቃሌን ነበር። ከሺኒሌ እስከ ኤረር "አብሺር ደህና ነው ብሏል" ከተባለ ፓኮው ሳይከፈት ይሄዳል። የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ዋበሪ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ሲድሩ ለሁለቱም ኒካህ ምስክር ያቆሙት እኔን ነው። እሳቸው ጨው እንኳ ሳይቀምሱ የማይገዙ ሰው ናቸው። በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴንም ደብቄ አላውቅም።

የሱቄን ፈቃድ በየዓመቱ የሚያድሰው ግን ቃሌ አልነበረም፤ አቶ ጥሩሰው የሚባል ሹም ነበር። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ በእሱ ሥራ ሌላው ለምን ይታማ? ያን ጊዜ "እርስዎ" እለው ነበር። አሁን "እሱ" እለዋለሁ፤ የሚፈርመውን ፈርሞ ጨርሷል። አጭር፣ ቦርጫም፣ በዚያ ሐሩር ከረባቱን የማይፈታ ሰው ነው። ከደጋ መጥቶ ድሬዳዋ የሚሾም ሰው ወይ ሙቀቱን ይለምዳል፣ ወይ ውኃ እየጠጣ ዝም ይላል። ጥሩሰው ሙቀቱን ይቆጣው ነበር፤ ልክ አርፍዶ እንደገባ ጸሐፊ።

በዚያ ዓመት ፈቃዴ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። በሄድኩ ቁጥር "ሰኞ ና" ይለኛል። ሰኞ ስሄድ ሰኞው የሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ይሆናል። ያለ ፈቃድ ጥይት መሸጥ ደግሞ ሱቅ አዘግቶ የሚያበቃ ጥፋት አይደለም፤ ባለሱቁንም እስር ቤት ይከታል። እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ከተማው ሁሉ ከፀሐይ ተደብቆ ተኝቶ ሳለ፣ ራሱ ሱቄ ድረስ መጣ።

"አብሺር፣ አጋዘን ልገድል ነው" አለ፣ ገና ሳይቀመጥ።

"ማሻ አላህ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

"ግብዣ አለብኝ። የከተማውን የእስላም ሽማግሌዎች ቤቴ ጠርቻለሁ። ሐጂ ዋበሪን፣ ሌሎቹንም። በእጄ ያደንኩትን አበላቸዋለሁ። እነሱም በበኩላቸው ስለ መልካም አስተዳደሬ አንድ የምስጋና ወረቀት ፈርመው ወደ ላይ ይልካሉ። ሐረር ላይ አንድ ወንበር ባዶ ሆኗል። ገባህ?"

ገባኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ጥሩሰው ግን በልቶም የሚቆጨው ዓይነት ሰው ነበር።

"እሑድ በጠዋት አድነን አሥር ሰዓት ላይ ግብዣው ነው። ሰኞ ደግሞ" አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ፤ "ሰኞ ያንተን ጉዳይ እንጨርሳለን። በል፣ የማያሳፍር ጥይት አምጣ።"

እዚህ ላይ ስለ ጥይት ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ለዓመታት ሌላው ሲያስተምረኝ ኖሬያለሁና አንድ ጊዜ እኔ ላስተምር። ጥይቱ ሞዘር ሆነ ምንሽር፣ የጀርመን ሆነ የቤልጅግ፣ ዋናው ነገር አረሩ ነው። አረር ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ሙሉውን መዳብ የለበሰ ነው፤ የወታደር ነው፣ በስቶ ያልፋል። ሁለተኛው ጫፉ ላይ እርሳሱ ራቁቱን የወጣ ነው። ይህኛው ሥጋ ሲነካ ተከፍቶ ይሰፋል፤ እንስሳው ባለበት ተደፍቶ ይቀራል። በሌላው ዓለም ያለ አዳኝ ለአጋዘን የሚመርጠው ይህን ሁለተኛውን ነው። ልክ ነው፤ ፍጡሩ አይሰቃይም።

እኛ አገር ግን ከጥይቱ በኋላ የሚመጣ ቢላዋ አለ። ነፍሱ ሳትወጣ ያልታረደ እንስሳ በክት ነው፤ በዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም ይስማማሉ። የማይስማሙት ቢላዋውን ማን ይያዘው በሚለው ላይ ነው፤ እስላም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፣ ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም። ስለዚህ የእኛ አዳኝ የሚፈልገው እንስሳውን የሚጥል ግን የማይገድል ጥይት ነው። ይህን በየትኛውም የፈረንጅ ካታሎግ አታገኙትም። ሱቄ የሚመጣ ደንበኛ "ይህ ስንት እርምጃ ይሰጣል?" ብሎ ነበር የሚጠይቀኝ። እንስሳው ወድቆ ነፍሱ እስክትወጣ ባለቢላዋው ስንት እርምጃ ይሮጣል ማለቱ ነው። ለአጋዘን የምሸጠው ቀጭኑን ምንሽር፣ መዳብ ለባሹን ነበር። ከትከሻው ከፍ አድርገህ አከርካሪው ላይ ካሳረፍከው ሁለት መቶ እርምጃ ይሰጣል። ጫፈ እርሳሱ በዚያው ቦታ ሠላሳ ቢሰጥ ነው፤ ሠላሳ እርምጃ ድረስ ደግሞ አጋዘን አያስጠጋህም።

ይህን ሁሉ ለጥሩሰው አስረዳሁት። ቀጭኑን ምንሽር በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየው።

"ይህማ እርሳስ ነው" አለ። "መጻፊያ እርሳስ። የደካማ ሰው ጥይት ልትሸጥልኝ ነው?"

ሌላ ሰው ላማክር ብሎ ወጣ። ማማከሩን ያደረገው ሃሊሞ ሻሂ ቤት ነው፤ ያቺ ቤት ደግሞ የከተማው የጦር ኮሌጅ ነበረች። አራት ቀን ሙሉ ሥራ ቆመ። ልብስ ሰፊው ዋይስ ሞዘር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሾፌሩ ጃማዕ "አቦ ተወኝ! ሞዘርማ ለግድግዳ ነው፣ ለአጋዘን ምንሽር" ብሎ ብርጭቆ ሰበረ። ሁለቱ ከዚያ ወዲያ ለሦስት ሳምንት አልተነጋገሩም። ሁለቱም ጠብመንጃ የላቸውም። አንዱ ተነሥቶ ሲተኩሱ ቢስሚላሂ ማለት ይበቃል፣ ማረድ አያስፈልግም፣ ኪታብ ላይ አለ ሲል፣ ጥግ ላይ የነበሩት ሐጂ ዋበሪ "ተኳሹ አቶ ጥሩሰው አይደሉም እንዴ? ቢስሚላሂውን ማን ይበልላቸው?" ብለው ሻሂያቸውን ጠጡ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ጥሩሰውም ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

ከሁሉም ያልተጠየቀው ሮብሌ ብቻ ነበር። ሮብሌ ሽማግሌ ነው፣ ቀጭን፣ ሽርጡን ከጉልበቱ በላይ አጥፎ የሚሄድ፤ ከእኔ ሱቅ ለሃያ ዓመት ጥይት የገዛ አዳኝ። ለእሑድ መሪም አራጅም ሆኖ የተቀጠረው እሱ ነው። ክርክሩን ከበር ላይ ቆሞ ሰማና ወደ እኔ ዞሮ "ጥይቱን ተዉት" አለኝ። "መጀመሪያ ለሰውየው ዓይን ምረጡለት።"

ዓርብ ዕለት ጥሩሰው ተመልሶ መጣ። ወደ መደርደሪያው አላየም፤ ወደ ግድግዳው ነበር የሚያየው። ግድግዳዬ ላይ አንድ ትልቅ ጠብመንጃ ተሰቅሎ ነበር፤ አንድ ግሪክ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶልኝ የሄደው፣ ለዝሆንና ለጎሽ የተሠራ። ከሥሩ አምስት ጥይቶች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የሕፃን ክንድ ያህላሉ፣ ጫፋቸው እርሳስ። ለአሥራ አንድ ዓመት ዝንብ ከማረፍ በቀር የነካቸው አልነበረም። ለጌጥ ነበሩ።

"ይህ!" አለ ጥሩሰው። ድምፁ ተለውጦ ነበር። "ይህን ደብቀኸኝ ነው እርሳስ የምታሳየኝ?"

"ጌታዬ፣ ይህ የዝሆን ነው።"

"አጋዘን ከዝሆን ያንሳል አይደል? ዝሆን ከገደለ አጋዘንማ አብልጦ ይገድላል።"

"ይገድላል፤ ችግሩም እሱ ነው። ይህ አንድ እርምጃ እንኳ..."

"አብሺር" አለኝ፤ ረጋ ብሎ። "ሰኞ ትመጣለህ አይደል?"

ልነግረው የሚገባኝን አውቃለሁ። "ይህን ከወሰዱ እንግዶችዎ ጦማቸውን ይመለሳሉ" ማለት ነበረብኝ፤ ሰባት ቃል አይሆንም። ፈቃዱ ያልታደሰለት ሰው ግን አጭር ዓረፍተ ነገርም ይከብደዋል። መስታወቱን ከፈትኩ፤ ጥይቶቹን በሸማ ጠራረግኩ።

"ደህና ነው?" አለ ጥሩሰው።

"ደህና ነው" አልኩ።

እሑድ ገና ሳይነጋ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር በኤረር መንገድ ወጣን። የላንድሮቨሩ ሾፌር፣ ሮብሌ፣ እኔና ጥሩሰው። እኔ የሄድኩት ጠብመንጃውን እንዳጎርስለት ነው፤ በየት በኩል እንደሚጎርስ አያውቅም ነበር። ፀሐይ ስትወጣ ሮብሌ መኪናውን አስቁሞ በእግር መራን። ግማሽ ሰዓት ያህል በቁጥቋጦ ውስጥ ከተጓዝን በኋላ እጁን አነሣ። ማዶ፣ መቶ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቀት ላይ፣ አንድ ወንድ አጋዘን ቀንዱን ጠምዝዞ ቆሟል። አጠገቡ አንዲት ሴት ቅጠል ትቀነጥባለች።

ጠብመንጃውን ሰጠሁት። ሮብሌ ሽርጡን አጥብቆ ታጠቀ፣ ቢላዋውን ከሰገባው መዘዘ፣ እንደ ሯጭም አጎነበሰ። ጥሩሰው አነጣጠረ። ሁለቱንም ዓይኖቹን ጨፍኖ ነበር፤ በአላህ እምላለሁ፣ ሁለቱንም።

ተራራው ሁሉ ጮኸ። ጥሩሰው ወደ ኋላ ተወርውሮ እሾህ ላይ ተቀመጠ፤ ባርኔጣው ሌላ ቦታ ነው። ወንዱ አጋዘን ቀንዱን ይዞ ሄደ። ቅጠል ትቀነጥብ የነበረችው ሴት ግን ቅጠሉ አፏ ውስጥ እንዳለ ወድቃለች። ሴት መግደል በአደን ፈቃዱ ላይ አልተጻፈም፤ ጥሩሰው ግን ፈቃድ የሚፈርም እንጂ ፈቃድ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

ሮብሌ ሮጠ። በዚያ ዕድሜው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። "ቢስሚላሂ" እያለ ነው የሚሮጠው፤ ይሰማኛል። ደረሰ፣ ተንበረከከ፣ አንገቷን ያዘ። ከዚያ ቆመ። ጣቱን ዓይኗ ላይ አደረገ፤ አልጨፈነችም። የቀኝ ትከሻዋ ቦታው የለም። ሮብሌ ቢላዋውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገ፤ ምንም አልነካውም ነበር፤ ወደ ሰገባውም መለሰው።

ጥሩሰው እሾሁን ከኋላው እየነቀለ ደረሰ። "እረድ እንጂ!"

"ሞተች" አለ ሮብሌ።

"ምን ቸገረህ? እረድ!"

"የሞተ አይታረድም።"

"ማን አየ?" አለ ጥሩሰው። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ሾፌሩ መኪናው ዘንድ ነው።

ሮብሌ ጣቱን ወደ ሰማይ ጠቆመ። ቀጥሎ እኔን አየኝ፤ እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ከዚያ ሽርጡን አጥፎ፣ ሳይሰናበት፣ በእግሩ ወደ ድሬዳዋ አቀና። ስድስት ሰዓት ያስኬዳል።

ጥሩሰው ወደ እኔ ዞረ። "አንተስ እስላም አይደለህም?"

"ጌታዬ..."

"ሐጂ ዋበሪ ሌላ ሰው አያምኑም። አንተን ግን ያምናሉ። እረዳት፤ ሲጠይቁህ ትራገጥ ነበር በል። ነገ ሰኞ ነው፣ አብሺር።"

ቢላዋ ከላንድሮቨሩ አመጣ። የድንች ቢላዋ ነው። ብዙ ጊዜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያን ቢላዋ ወርውሬ ከሮብሌ ኋላ ብሄድ ምን እሆን ነበር? ሱቄ ይዘጋ ነበር። ምናልባት ጥቂት ወር እታሰር ነበር። ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ችሎ ኖሯል። እኔ ግን የሞተች አጋዘን አንገት ላይ ጎንበስ ብዬ "ቢስሚላሂ" አልኩ። ቆረጥኳት፤ ደሙ አልፈሰሰም፣ ወጣ ወጣ ብሎ ቀረ። ጥሩሰው በበኩሉ ባዶውን ቀለህ ከጠብመንጃው አውጥቶ እያሻሸ ነበር። ቀንድ የሌላት አጋዘን ስለገደለ ለእንግዶቹ የሚያሳየው ሌላ ነገር አልነበረውም።

አሥር ሰዓት ላይ ጥሩሰው ቤት በረንዳ ምንጣፍ ተነጥፎ ዘጠኝ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ወጥ የምትሠራው ሃሊሞ ነበረች፤ ሥጋውን የእስላም እጅ እንዲሠራው ተብሎ ከሻሂ ቤቷ ተቀጥራ መጥታለች። ጥሩሰው ከአጋዘኗ አይበላም፤ የእስላም ቢላዋ ነክቷታልና። ለእሱ ከጓዳ የበግ ጥብስ ለብቻው ቀርቦለታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እሱ አይበላትም፣ እንግዶቹ ሊበሏት አይገባም፣ ጅብ ደግሞ አልተጠራም። ከሥጋው ትሪ አጠገብ፣ በነጭ ጨርቅ ላይ፣ ያ ቀለህ ተወልውሎ ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ የምስጋናው ወረቀትና ብዕር።

ሩዙ ቀረበ፣ ሥጋው ተከመረበት። ሐጂ ዋበሪ እጃቸውን ታጥበው ሊጀምሩ ሲሉ ሃሊሞ ከበሩ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ሃሊሞ ሥጋው ጠቁሯል ትላለች" አሉ። "ደሙን አልጣለም አለች። ሮብሌስ የት አለ?"

"ሮብሌ... አመመው" አለ ጥሩሰው። "ያረዳት አብሺር ነው። አብሺርን ጠይቁት።"

ዘጠኙም ወደ እኔ ዞሩ። ሐጂ ዋበሪ ፊታቸው ፈታ አለ፤ ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ፤ ስሜን ሲሰሙ ደስ አላቸው።

"ልጄ አብሺር፣ አንተ ነህ ያረድካት?"

"እኔ ነኝ፣ ሐጂ።"

"ስትደርስ ነፍስ ነበራት?"

ወደ ጥሩሰው አላየሁም። ማየት አያስፈልገኝም ነበር፤ ሰኞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። "ነበራት" አልኩ። "ስደርስ ትራገጥ ነበር።"

"አብሺር ካለ አለቀ" አሉ ሐጂ ዋበሪ። "በሉ፣ ቢስሚላሂ።"

ዘጠኝ እጅ ወደ ትሪው ተዘረጋ። በዚህ ቢቆም ኖሮ ጉዳዩ አልቆ ነበር። ፈቃዴ ታድሶ ነበር፣ ጥሩሰው ሐረር ገብቶ ነበር፣ እኔ ደግሞ ከአላህና ከሁለት ሰው በቀር ማንም የማያውቅብኝ ውሸታም ሆኜ እሞት ነበር። በመካከል አንዱ ሽማግሌ፣ ለጨዋታ ብለው፣ ቀለሁን በክርናቸው ጠቆም አድርገው፣ "አጂብ ነው! ይህን የሚያህል ጥይት በልታ ደግሞ ትራገጣለች! እንግዲያ መጠኑ ነው እንጂ ጉልበትስ የለውም" አሉ። ሌሎቹ ሳቁ። ከመካከላቸው አንዱ "ሮብሌ በቀጭኗ ምንሽር ቢመታት ይሻል ነበር" ብለው ጨመሩ።

የጥሩሰውን ፊት አየሁት። መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ አበጠ። ዝም በል፣ ዝም በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት። ለአራት ቀን ያን ጥይት ሲመርጥ የኖረ ሰው ግን ዝም ማለት አልቻለም።

"ማን ናት የተራገጠችው?" አለ፣ ቀለሁን አንሥቶ። "በዚህ ተመትታ? ምንም አልተራገጠችም! ጆሮዋን አላንቀሳቀሰችም! ቅጠሉ አፏ ውስጥ እንዳለ ነው የቀረችው! ያ ሽማግሌ ቢላዋውን ይዞ እንደ ፈረስ ጋለበ፤ ሲደርስ ምን አገኘ? በድን! አንዲት ጥይት! መቶ ሃምሳ እርምጃ! ይህ ጥይት ቢላዋ አይጠብቅም፣ ጌቶቼ!"

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ዘጠኙም እጅ ሩዙ ላይ ቆሟል። አንዱ ጉርሻቸውን እስከ ከንፈራቸው አድርሰውት ነበር፤ ቀስ ብለው ወደ ትሪው መለሱት። ጥሩሰው አሁንም ቀለሁን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ይዞ ፈገግ እንዳለ ነው። የተናገረው ለራሱ የደረሰው በጣም ዘግይቶ ነው።

ሽማግሌዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ማንም አልተቆጣም። "አልሐምዱሊላህ፣ ጠግበናል" ተባባሉ፣ ምንም ሳይቀምሱ። እጃቸውን ሦስት ሦስት ጊዜ ታጠቡ። የጥይቱን ጥንካሬም ጫማ እያደረጉ አመሰገኑ፤ "ወላሂ ትልቅ ጥይት ነው" እያሉ። ወረቀቱንና ብዕሩን ግን ያየ የለም። ሥጋው ወደ ደቻቱ ወንዝ ተወስዶ አሸዋው ላይ ተጣለ፤ የሠፈሩ ውሾች ማን እንዳረዳት ሳይጠይቁ በሉ።

ሐጂ ዋበሪ በመጨረሻ ወጡ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ፤ "በልጆቼ ኒካህ ላይ ያልከውስ?"

ጫማቸውን አጥልቀው ሄዱ።

ሰኞ ሄድኩ። እሺ፣ ሳቁብኝ፤ ሄድኩ። የተሸጠ ቃል አይመለስም፣ ቢያንስ ዋጋው ይምጣ ብዬ። ጥሩሰው ጠብመንጃው ትከሻውን ስለመታው ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አኩርፎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹን ምስጋና ቢሶች አላቸው፣ ሃሊሞን ጠንቋይ አላት፣ ሮብሌን ሽፍታ አለው። ከዚያ በግራ እጁ ፈቃዴን ፈረመ።

"ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ታማኝ አንተ ብቻ ነህ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታማኝ ያለኝ ሰው የለም።

ፈቃዱን በመስታወት ከትቼ ያ ጠብመንጃ የነበረበት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት ያህል ወሬኛው እንደ ወትሮው መጣ፣ ገዢ ግን አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሐጂ ዋበሪና ሮብሌ አብረው ገቡ። ሐጂ የልጅ ልጅ ተወልዶላቸው ሮብሌን አደን ሊልኩት ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ወንበር አቀረብኩ፣ ሻሂ አዘዝኩ። ቀጭኑን ምንሽር፣ መዳብ ለባሹን፣ አዲስ ፓኮ አወጣሁ።

"ደህና ነው፣ ሐጂ" አልኩ። "ሁለት መቶ እርምጃ ይሰጣል።"

ሐጂ ዋበሪ ፓኮውን ተቀበሉ። ለሃያ ዓመት ፓኮ ሲገዙ ከፍተው አያውቁም። አሁን ግን በጥፍራቸው ቀደዱትና አንዲት ጥይት አውጥተው ለሮብሌ ሰጡት።

"ደቻቱን ሽቅብ ውጣና ከከተማው ራቅ ብለህ ተኩሰህ እያት" አሉት። "እጠብቅሃለሁ።"

ሮብሌ ወጣ። ሐጂ እኔ ያቀረብኩት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሻሂውን አልነኩትም። ስለ ሙቀቱ አወራን። ስለ ባቡሩ መዘግየት አወራን። ከብዙ ቆይታ በኋላ፣ ከወንዙ በኩል፣ ከሩቅ፣ አንድ ተኩስ ተሰማ፤ ንጹሕ፣ ደረቅ ድምፅ። ጥይቷ ደህና ነበረች። እንደምትሆን አውቅ ነበር።

ሐጂ ዋበሪ ተነሥተው የቀረውን ፓኮ ኪሳቸው ከተቱ።

"ደህና ነው" አሉኝ።